የክረምት ጓሮ በአይከልና በጭልጋ

የጓሮ አትክልት በአይከልና በአካባቢዋ ከማሳው እርሻ የተለየ የራሱ ታሪክ አለው። የጭልጋ ማዕከል የሆነችው አይከል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጎንደር በስተምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። አገሩ ወይና ደጋ ነው። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፤ ጤፉ፣ ዳጉሳውና ኑጉ ግን የሚሰበሰበው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። የአምናው እህል ከጎተራ የሚያልቀው የዘንድሮው ገና ቡቃያ ሳለ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። በእነዚህ ወራት ብዙውን ቤተሰብ ያሻገረው ከቤቱ ጀርባ ያለው ቁራሽ መሬት ነበር።

ጓሮ በሬ አይፈልግም፤ በዶማ ይቆፈራል። የምድጃ አመድ፣ አዛባና የቤት ጥራጊ ስለሚደፋበት አፈሩ ከሩቅ ማሳ ይልቅ የሰባ ነው። ዘር መርጣ የምታስቀምጠው፣ የምታርመውና ቅጠሉን የምትቀነጥበው በአብዛኛው ሴቷ ናት። ስለ ጦርነትና ስለ ግብር ብዙ በተጻፈበት አገር ስለዚህ ሥራ የተጻፈው እጅግ ጥቂት መሆኑ ያስቆጫል።

የጓሮው አንጋፋ የአበሻ ጎመን ነው። መገኛው የኢትዮጵያ ደጋ እንደሆነ ይታመናል። ዝናቡ እንደጀመረ ይዘራል፤ አናቱ ሳይነካ ቅጠሉ ከሥር ከሥሩ እየተቀነጠበ አንዱ ተክል ለብዙ ሳምንታት ይበላል። ዘሩም ከንቱ አይቀርም፤ ተወቅጦ ምጣድ ያሰሳል። ዱባ፣ በቆሎና በርበሬ የአሜሪካ ተወላጆች ናቸው፤ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ኮሎምበስ ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ነው። ጭልጋ በሱዳን ወደምትገኘው ስናር የሚወስደው የንግድ መንገድ ኬላ ስለነበረች ለባዕድ ሸቀጥ እንግዳ አልነበረችም። ድንች የመጣው ዘግይቶ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በ1858 እ.ኤ.አ. እንዳስገባው ይነገራል፤ በደጋው አገር በስፋት የተለመደው ግን ከክፉ ቀን በኋላ ነው።

ክፉ ቀን የተባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ታላቁ ረሀብ የጓሮን ዋጋ ከምንም በላይ ያሳየ ዘመን ነው። ጭልጋ ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወጣው መንገድ ላይ በመሆኗ መከራው በጦርነት ጀመረ። የሱዳን ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ሳር ውኃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ጎንደርን አቃጠሉ፤ በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በዚያው ሰሞን ደስታ የተባለው በሽታ ከምጽዋ ተነሥቶ የአገሩን ከብት ፈጀ። በሬ ሲያልቅ ማሳው ጦም አደረ። ዐፄ ምኒልክ ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ጨብጠው መቆፈራቸው የዚህ ውጤት ነው። ሴቶች በጓሮ ዘወትር ሲሠሩበት የኖሩት ዶማ በዚያ ዘመን የአገር ሁሉ የእርሻ መሣሪያ ሆነ።

የክረምት ምግብ ዝግጅት የሚጀምረው በበጋ ነው። ፀሐይ ሳለ በርበሬና ሽሮ ይሰናዳል፣ ኩበት ከዝናብ በተጠለለ ስፍራ ይከመራል፣ የተረፈ እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። በክረምት እርጥብ እንጨት እያጨሰ አስቸጋሪ ስለሚሆን ቶሎ የሚበስል ወጥ ይመረጣል። እፍኝ ሽሮ ውኃ በዝቶለት ለብዙ ሰው ይበቃል። ጎመን ተቀቅሎ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ይቁላላል፤ ዘይት ባነሰ ጊዜ ተቆልቶ የተወቀጠ ኑግ ወይም ተልባ ምግቡን ያወዛዋል። ዱባ የራሱ ጣፋጭነት ስላለው ብዙ ማጣፈጫ አይሻም፤ ልጣጩ ጠንካራ በመሆኑ ለወራት ይቀመጣል፣ ፍሬውም ተቆልቶ ይበላል። ድንች ወጡን ያበረክታል። ጓሮው ባልበቃበት ዓመት ከአጥር ሥር ሳማ እየተለቀመ ተቀቅሏል።

ጾሙም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ቀን ሲፈታ፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል። ሥጋና ቅቤ የሚከለከሉባቸው ሁለቱ አጽዋማት ጎተራ በሚጎድልበትና ጎመን በሚበዛበት ወቅት ላይ ይውላሉ፤ ስለዚህ ያለው ከሌለው ጋር አንድ ዓይነት ገበታ ይቀርባል።

ቁጠባ ሁሉ ግን ደኅና አይደለም። ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትን መሬትም ስለሚችል በችግር ዓመት የድሃ እህል ይሆናል፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲደረግ ግን እግርን ያሽመደምዳል። በጎረቤቱ ደምቢያና በፎገራ ይህ ጉዳት ተመዝግቧል። ጓያን መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት፣ ከሌላ እህልና ከአትክልት ጋር ማፈራረቅም አደጋውን ይቀንሳል።

ጣሊያን ጎንደርን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በያዘበት ጊዜና ከዚያ በኋላ ቲማቲም፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በከተማ ገበያ እየተለመዱ ሄዱ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ ለአንድ መኖሪያ የሚሰጠውን ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ፈቀደ። ያ ስፋት ቤት፣ ማድቤትና ጓሮ አብሮ ይይዛል። እንደ አይከል ባሉ ከተሞች የመኖሪያ ቦታ ሲሸነሸን ለጎመንና ለዱባ የሚበቃ መሬት ሊታሰብ ይገባል።