የአዋሽ ደለል የሚነግረን ታሪክ

ስለ ወንዝ ስንማር መጨረሻው ባሕር ነው ብለን እንይዛለን። አዋሽ ግን እንዲህ አይደለም። ከግንጪ አካባቢ ከደጋው ተነሥቶ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎ በኩል ወደ ቆላው ወርዶ፣ ከሰመራ ብዙ በማይርቁት በዱብቲና በአሳይታ አልፎ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ዊልፍሬድ ቴሲገር ወንዙን ተከትሎ በ1926 ዓ.ም. እስከዚያ ሐይቅ ደርሷል። እንግዲህ አዋሽ የተሸከመውን ለባሕር አያስረክብም፤ በአገራችን መሬት ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ያስቀመጠው ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ነው።

ደለል ታማኝ መዝገብ መሆኑን ኢትዮጵያውያን አንስተውም። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ፣ አጥንቷ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል የቆየው በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ አፈር ተቀብሮ ነው። ይህ ሸለቆ የጥንቱን ከጠበቀ፣ የዛሬውንም ይጠብቃል።

ከዛሬው ነገር አስጊው ከባድ ብረት የሚባለው ነው፤ ይኸውም እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም፣ ባዝቃና እነዚህን የመሳሰለው ነው። ከባድ ብረት እንደ ምግብ ትራፊ በስብሶ አይጠፋም። ወደ ወንዝ ሲገባ በደቃቁ የሸክላ አፈር ላይ ይጣበቅና ውሃው ዝግ በሚልበት ስፍራ ይሰፍራል። ያን ጊዜ ውሃው ጠርቶ ይታያል። ነገር ግን ጎርፍ ደለሉን ሲያናውጠው፣ ወይም የውሃው ጠባይ ሲለወጥ፣ ብረቱ እንደገና ሊለቀቅ ይችላል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው።

ምንጩ አንድ ብቻ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ፍል ውሃ በተፈጥሮው አንዳንድ ብረቶችን ወደ ወንዙ ይሰጣል። የሰው እጅ የጨመረው ግን ከሥልጣኔያችን ታሪክ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ከተማዋ እየሰፋች ሄደች፤ ብዙ ፋብሪካዎችም በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዝ ዳር ተተከሉ። ውሃ ለመቅዳትም፣ እድፉን ለመድፋትም ወንዝ ዳር ይመቻልና። አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይገባል። በሞጆም ቆዳ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ፤ ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ካልተጣራ ወደ ሞጆ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ቆቃ ይወርዳል። ያረጀ የመኪና ባትሪ፣ የጋራዥ ዘይትና፣ በቀድሞው ዘመን እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ የየራሳቸውን ድርሻ ጨምረዋል።

የእርሻው ታሪክም እንዲሁ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በታችኛው አዋሽም ሰፊ የጥጥ እርሻ ተከፈተ። እነዚህ ሥራዎች ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነዋልና አንነቅፋቸውም። ሆኖም ከፎስፌት ድንጋይ የሚሠራ ማዳበሪያ ጥቂት ካድሚየም ስለሚኖረው፣ ለዓመታት ሲረጭ በአፈሩ ውስጥ ሊከማች ይችላል።

ጉዳቱን ከሩቅ አገር መማር ይቻላል። በጃፓን በሚናማታ አንድ ፋብሪካ ወደ ባሕር ወሽመጥ የለቀቀው ባዝቃ በዓሣ በኩል ወደ ሰው ገባ፤ በሽታውም በ1948 ዓ.ም. በይፋ ታወቀ። ብዙዎች ሞቱ፤ ሌሎችም ሽባ ሆኑ። በአገራችንም በአቃቂ ውሃ በሚለማው ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ከባድ ብረት መገኘቱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ፣ ካድሚየም ደግሞ ኩላሊትንና አጥንትን ይጎዳል።

በተረት ጅብ ከላይ ሆኖ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ብሎ ከሰሳት፤ እሷም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። በአዋሽም ላይ የሚያደፈርሰው ከላይ ያለው ነው። ከታች ግን ግመሉንና ፍየሉን ከወንዙ የሚያጠጣ፣ ራሱም ከዚያው የሚቀዳ የአፋር አርብቶ አደር አለ። ፋብሪካው ሲከፈት አልተጠየቀም፤ ከትርፉም አልተካፈለም።

ሕግ የለንም ልንል አንችልም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ወጥቷል። የጎደለው የሕጉ ፍጻሜ ነው። እድፉ ከፋብሪካው ሳይወጣ ይጣራ፤ ደለሉም ከአቃቂ እስከ አሳይታ በየጊዜው ይመርመርና ውጤቱ ለሕዝብ ይነገር። የውሃው ጥራት ሲለካ የደለሉም አብሮ ካልተለካ ምርመራው ግማሽ ነው።

እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንጨርስ ነገ መሐንዲሶች፣ ሐኪሞች፣ ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች እንሆናለን። ከእኛ በኋላ የሚመጡ ሊቃውንት የአዋሽን ደለል ቆፍረው ሲያነቡ፣ የእኛን ዘመን ከሌላው ለይተው ማወቃቸው አይቀርም። በዚያ ንጣፍ ላይ የሚጻፈውን ለመለወጥ ግን ጊዜው አሁን ነው።