ከሌሊቱ ብርሃን በስተጀርባ

በትልቅ ከተማ በሌሊት ቀና ብሎ ለሚመለከት መንገደኛ ከቢሮ ሕንፃዎች መስኮት የሚወጣው ብርሃን ሁሉ አንድ ነው። ማን እንዳመሸ፣ ስለ ምንስ እንዳመሸ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1978 ከነሐሴ ወር ጀምሮ ለብዙ ሌሊቶች በኒውዮርክ ከተማ በሲቲኮርፕ ሕንፃ የታየው ብርሃን ግን የሙያችን ታሪክ ሊዘነጋው የማይገባ ነው።

ይህ ሕንፃ በ1977 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ 59 ፎቅና 279 ሜትር ቁመት አለው። በመሬቱ አንድ ማዕዘን ላይ ቤተ ክርስቲያን ስላለ፣ ታላላቆቹ ዓምዶች የቆሙት በማዕዘኖቹ ሳይሆን በየጎኑ መካከል ነው። የስትራክቸሩ መሐንዲስ ዊልያም ሌሜዠር፣ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ከአንድ ተማሪ በቀረበ ጥያቄ መነሻነት ስሌታቸውን እንደ ገና መረመሩ። በሰያፍ የሚመጣ ነፋስ በአንዳንዶቹ ደጋፊ ብረቶች ላይ የሚያርፈውን ኃይል በ40 በመቶ እንደሚያሳድግ አገኙ። በብየዳ እንዲያያዙ ታቅደው የነበሩት መጋጠሚያዎች በብሎን ተሠርተው ስለ ነበር፣ በእነዚህ ላይ ጭማሪው እስከ 160 በመቶ ደረሰ።

ሌሜዠር ሁለት ምርጫ ነበራቸው፤ ይኸውም ዝም ማለት፣ ወይም የሙያ ስማቸውን ለአደጋ አጋልጠው መናገር ነው። ለሕንፃው ባለቤቶች ተናገሩ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው የሌሊት ሥራ ሆነ። የቢሮ ሠራተኞች ወደየቤታቸው ሲሄዱ አናጢዎች መጋጠሚያዎቹን በጣውላ ይከልላሉ። በያጆች ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ድረስ፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸውን የብረት ጠፍጣፋዎች ከ200 በሚበልጡ መጋጠሚያዎች ላይ ይበይዳሉ። የጽዳት ሠራተኞችም ጸሐፊዎቹ ከመግባታቸው በፊት ቢሮውን ያሰናዳሉ። ሥራው ገና ሳይፈጸም ኤላ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ወደ ከተማዋ አቅጣጫ ሲገሠግሥ ቆይቶ፣ ኋላ ወደ ውቅያኖሱ ታጠፈ።

ይሁን እንጂ በዚያ ሕንፃ ቀን ቀን የሚሠሩትም ሆኑ በዙሪያው የሚኖሩት ሰዎች እውነቱ አልተነገራቸውም። የከተማው ባለሥልጣኖች ያውቁ ነበር፤ ጋዜጦቹ ግን በሥራ ማቆም አድማ ላይ ነበሩ። ጉዳዩ በሰፊው የታወቀው በ1995 ዘ ኒውዮርከር በተባለው መጽሔት ላይ ሲታተም ነው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሰያፉ ነፋስ አደጋ የተፈራውን ያህል እንዳልነበረ ያመለክታሉ። ቢሆንም መሐንዲስ የሚመዘነው በጊዜው ባወቀው ነገር ላይ በወሰደው እርምጃ ነው። በዚህ ሚዛን የሌሜዠር ድፍረት እውነተኛ ነበር፤ ሙሉ ግን አልነበረም። አደጋው በራሳቸው ላይ ያንዣበበው ሰዎች የመጨረሻ ሰሚዎች ሆነዋልና።

እኔም በአዲስ አበባ ከአንድ ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ላይ አምሽቼ ስሌት ስመረምር፣ ከታች የተዘረጋውን የከተማ መብራት አያለሁ። ከዚያ መብራት ሥር እኛ በጻፍነው ቁጥር ተማምኖ የተኛ ሰው አለ። ስሕተትን በሌሊት ማረም ግዴታችን ነው፤ ለዚያ ሰው በቀን መናገር ግን ከዚህም የሚከብድ ግዴታ ነው።