የጫጩትን ጾታ የመለየት ጥበብና የትርፍ አውራዎች ዕጣ

አንዲት ዶሮ 12 እንቍላል ታቅፋ ሁሉንም ብትፈለፍል፥ ከጫጩቶቹ ግማሽ ያህሉ ወንዶች እንደሚሆኑ ይጠበቃል። ለትንሽ መንጋ ዘር ግን አንድ አውራ ይበቃል። የቀሩት አምስቱ ጥሬ ይበላሉ፤ ሲያድጉ እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ፤ ሴቶቹንም ያስጨንቃሉ፤ እንቍላልም አይጥሉም። ስለዚህ ዶሮ አርቢ በየዘመኑ ሁለት ነገር ሲጠይቅ ኖሯል። አንደኛው፥ ከጫጩቶቹ ወንዱና ሴቲቱ እንዴት ቀድመው ይታወቃሉ? ሁለተኛው፥ የተረፉት አውራዎች ምን ይደረጉ? የሚል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው የሁለቱን ጥያቄዎች ታሪክ ሲሆን፥ ለማሳየት የምንፈልገውም የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ባገኘ ጊዜ ሁለተኛው ከመፈታት ይልቅ ይበልጥ የከበደ መሆኑን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የጥንት ሰዎች አስተያየት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ፈላስፋ አሪስቶትል፥ ረዘም ብሎ ጫፉ የሾለ እንቍላል ሴት፥ ክብ የሆነው ደግሞ ወንድ ያወጣል ብሎ ጽፏል። ከእርሱ 400 ዓመት ያህል ቈይቶ ስለ እርሻ የጻፈው ሮማዊው ኮሉሜላ ግን ነገሩን ገልብጦ፥ ወንድ የሚፈልግ ሰው ረጅሙንና ሹሉን፥ ሴት የሚፈልግ ክቡን ያሳቅፍ ይላል። የሁለቱ ሊቃውንት መቃረን ብቻውን ምልክቱ እንደማያስተማምን ያስረዳል። ዛሬ እንደሚታወቀው የቅርፊቱን ቅርጽ የሚሰጠው የእናቲቱ አካል ሲሆን፥ የጫጩቱ ጾታ የሚወሰነው ግን ቅርፊቱ ከመሠራቱ አስቀድሞ ነው። ስለዚህ እንቍላልን በቅርጹ መምረጥ ጾታን አያስመርጥም።

እንግዲህ ለአርቢው የቀረው መንገድ መጠበቅ ነበር። በብዙ ዘር ዶሮዎች ከአንድ ወር በኋላ የወንዱ ራስ ላይ ያለው ሥጋ ከሴቲቱ ቀድሞ ይቀላል፥ ያድጋልም። ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው በአንገቱና በወገቡ ላይ ሹል የሆነ አንጸባራቂ ላባ ይወጣለታል፤ የሴቲቱ ላባ ግን ጫፉ ክብ ነው። በመጨረሻም ራሱ ጮኾ ማንነቱን ያስታውቃል። እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ ጥሬ በልቷል።

አውራዎችን አቻችሎ ስለ ማኖር

ስለ ሁለተኛው ጥያቄም ኮሉሜላ የጻፈው አለ። ለአገሩ ዘር ለአንድ አውራ አምስት ሴቶች፥ ከባዶች ለሆኑት ለሮድስና ለሜዶን ዘሮች ግን ሦስት ብቻ ይመድባል። ሌሎቹን የሚያስቸግር ጠበኛ አውራ ቢኖር፥ ከአሮጌ የቁርበት ዕቃ ክብ አድርጎ ቈርጦ፥ መካከሉን በስቶ፥ የዶሮውን እግር ማስገባት እንደሚገባ ይመክራል። ይህም እንደ እግር ብረት ሆኖ ጠባዩን ያበርደዋል። ማኰላሸትም ከጥንት የታወቀ ዘዴ ነበር፤ አሪስቶትል አውራ ዶሮ በጋለ ብረት እንደሚኰላሽ ጽፏል።

የጠቡ ምክንያት በሚገባ የተጠናው ግን በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን ሲመለከት ያደገው ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤቤ፥ በ1921 ዓ. ም. ባወጣው ጥናት በመንጋ ውስጥ የመንቈር ተራ እንዳለ አስረዳ። የበላዪቱ የበታቿን ትነቍራለች፤ የተነቈረችውም ከእርሷ በታች ያለችውን ትነቍራለች እንጂ መልሳ የበላይዋን አትደፍርም። ተራው ከታወቀ በኋላ ጠብ ያንሳል፤ እንግዳ ሲገባ ወይም ነባሩ ሲወጣ ግን ተራው እንደገና በጠብ ይወሰናል።

ብዙ አውራ የያዘ አርቢ ከዚህ የሚማረው አለ። አብረው ያደጉ ወንዶች በኋላ ከተቀላቀሉ ይልቅ ይቻቻላሉ። ሰፊ ግቢ፥ መሸሸጊያና ከአንድ በላይ የሆነ የመኖና የውሃ ዕቃ ካለ ደካማው ከኀይለኛው ይርቃል። ለአንድ አውራ ስምንት ወይም ዐሥር ያህል ሴቶች ከሌሉ፥ የሴቶቹ የጀርባ ላባ ይመለጣል። ትርፎቹን ወንዶች ከሴቶች ለይቶ በአንድነት ማኖርም ይቻላል፤ የሚጣሉባት ሴት ከሌለች ብዙ ጊዜ በሰላም ይኖራሉ። ይህ ሁሉ ግን ቦታና መኖ ይፈልጋል።

የጃፓኖች ጣት

የእንቍላል ማስፈልፈያ መኪና በሺህ የሚቈጠር ጫጩት ባንድ ጊዜ ማውጣት ሲጀምር፥ ወር ሙሉ መጠበቅ የማይቻል ሆነ። መልሱ የመጣው ከጃፓን ነው። በቶኪዮ የንጉሠ ነገሥት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኪዮሺ ማሱይና ባልደረቦቻቸው፥ በተፈለፈለ ወንድ ጫጩት የኩስ መውጫ ውስጥ የመርፌ ራስ የምታህል እብጠት መኖሯን አጠኑ፤ ጥናቱም በ1927 ዓ. ም. በኦታዋ በተደረገው የዓለም የዶሮ እርባታ ጉባኤ ላይ ቀረበ። ማሱይና ሐሺሞቶ በእንግሊዝኛ ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1933 ዓ. ም. በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ታተመ፤ በዚያው ዓመትም ጃፓናዊ ባለሙያ ወደዚያ ሄዶ ጥበቡን በሥራ አሳየ።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንዳንድ ሴት ጫጩቶችም ተመሳሳይ እብጠት ስላላቸው፥ ልዩነቱ የሚታወቀው በብዙ ልምምድ ነው። ባለሙያው ጫጩቱን በግራ እጁ ይዞ፥ ኩሱን ጨምቆ ካወጣ በኋላ፥ መውጫውን በጣቱ ገለጥ አድርጎ በቅጽበት ይፈርዳል። የሠለጠነ ሰው በሰዓት 1,000 ያህል ጫጩት ሲለይ ከ100 ከ2 የማይበልጠውን ቢሳሳት ነው። ይህ ሙያ በአሜሪካ ለሚኖሩ የጃፓን ተወላጆች እንጀራ ሆነ። በ1942 ዓ. ም. የአሜሪካ መንግሥት ከምዕራቡ ጠረፍ አንሥቶ በሰፈር ካጐራቸው መካከል አንዳንዶቹ ከሰፈሩ ለመውጣት የቻሉት በዚሁ ሙያ ነው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሌላ መንገድ ተገኘ። በዶሮ ዘር ጾታን የምትወስነው ሴቲቱ ስለሆነች፥ ከጾታ ጋር የሚሄደውን መልክ እናት የምታወርሰው ለወንዶች ልጆቿ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝንጉርጉር እናት ከቀይ አውራ ጋር ብትዳቀል፥ ወንዱ ጫጩት በራሱ ላይ ነጭ ነጥብ ይዞ ሲወለድ ሴቲቱ ያለ ነጥብ ትወለዳለች። በካምብሪጅ ፐኔትና ፒዝ ይህን ዕውቀት መሠረት አድርገው፥ ጫጩቶቹ በመልካቸው ብቻ የሚለዩበትን ካምባር የተባለ ዘር በ1929 ዓ. ም. አወጡ።

የመልሱ ዋጋ

የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ተመለሰ። በዚያው ዘመን ግን የዶሮ ዘር ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ለእንቍላል፥ ሌላው ለሥጋ ተመረጠ። የእንቍላሉ ዘር ወንድ እንቍላል አይጥል፥ ሥጋውም ቶሎ አያድግ፤ ስለዚህ ጾታው በታወቀበት ቀን መግደል የተለመደ ሆነ። የሚገደለውም በዓለም በየዓመቱ ወደ 7 ቢሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ኮሉሜላ በቁርበት ያስታግሠው የነበረው ጠብ ቀረ፤ የቀረው ግን ጠበኛው ራሱ ስለ ጠፋ ነው።

ይህ ነገር ብዙ ሰዎችን አሳዝኖ፥ ጀርመን ከ2022 ዓ. ም. መጀመሪያ ጀምሮ ወንድ ጫጩት መግደልን በሕግ ከለከለች። አሁን አንዳንድ ማስፈልፈያ ቤቶች ጾታውን ገና በእንቍላሉ ውስጥ፥ ጥቂት ፈሳሽ በመቅዳት ወይም ብርሃን በማሳለፍ ይለያሉ። ሌሎችም ወንዶቹን ለሥጋ ያሳድጋሉ፤ ገዢውም በእንቍላሉ ዋጋ ላይ ጥቂት ይጨምራል።

በአገራችን ገጠር ዶሮ ለእንቍላልም ለሥጋም ስለምትረባ ትርፍ አውራ ኪሳራ አይደለም፤ በገና፥ በፋሲካና በእንቍጣጣሽ ዋዜማ ብዙ ጊዜ ከሴቲቱ ይልቅ በውድ ይሸጣል። ይሁን እንጂ የአንድ ቀን ሴት ጫጩት እየገዙ እንቍላል የሚያመርቱ አርቢዎች በከተሞቻችን ስላሉ፥ የሴቶቹ ወንድሞች የት ደረሱ የሚለው ጥያቄ ለእኛም እንግዳ አይሆንም።

እንደ እኛ አስተያየት፥ የማሱይም ሆነ የፐኔት ዕውቀት የሚነቀፍ አይደለም። ከታሪኩ የምንረዳው ግን፥ መለየትን ማወቅ አንድ ነገር፥ የተለየውን ምን እናድርገው ብሎ መወሰን ሌላ ነገር መሆኑን ነው። ሳይንስ የመጀመሪያውን ሰጥቷል፤ ሁለተኛው ለአርቢው፥ ለሕግ አውጪውና እንቍላሉን ለሚበላው ሁሉ የቀረ ዕዳ ነው።