«ሌጋሲ» በአማርኛ ምን ይባል?

ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር የሚጠግን ወዳጄ ሰሞኑን አንድ አሮጌ ሰነድ እያሳየኝ «ይኼ ሌጋሲ ነው» አለኝ። ቃሉ በብዙዎቻችን ጆሮ የገባው በ2004 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ካረፉ በኋላ፣ «የመለስ ሌጋሲ» ሲባል ነው። ያኔ የሚወደስ አደራ ነበር። በሶፍትዌር ሰዎች አፍ ግን ጊዜው ቢያልፍበትም ሥራ ስለተደገፈበት የማይጣል መሣሪያ ሆኗል። ሥሩ ላቲን ነው፤ በኑዛዜ መተውን ያመለክታል።

ሰነዱ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የቀድሞ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ነው። እንዲህ ያሉ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር የሚታየው ዝብርቅርቅ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የጋራ የፊደላት ኮድ ውስጥ ቢገባም የድሮው ጽሑፍ በየማህደሩ ቀርቷል።

ታዲያ ምን እንበለው? «ያረጀ» ማለት እየሠራ ያለን ነገር መስደብ ነው። «ቅርስ» ለአንኮበር ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ይስማማል፤ ይጎበኛል እንጂ ደመወዝ አይሠራበትም። «ነባር» ይቀርባል፣ ግን ከሌላ እጅ መምጣቱን አይናገርም። እኔ «ውርስ» እላለሁ፦ ውርስ ፕሮግራም፣ ውርስ ፋይል። ከ«ወረሰ» «ርስት»ም ወጥቷል፤ በሸዋ ርስት የያዘ ግብሩንም ይከፍል ነበር። ውርስ ፕሮግራም የተረከበም ጥገናውን አብሮ ይረከባል።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ እባካችሁ የድሮውን ፎንት የሚያውቀው ባለሙያ ጡረታ ሳይወጣ ሰነዶቻችሁን ወደ ዩኒኮድ አስለውጡ።