የሚጠራው በሕይወት አለ?

አንድሮይድ የሚማሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱብኝ ጥያቄ አለ፦ «ከዚህ አክቲቪቲ ሆኜ የዚያኛውን ሜተድ ለምን በቀጥታ አልጠራውም?» ተገቢ ጥያቄ ነው። በጃቫ ከአንድ ክላስ ኦብጀክት በ«ኒው» ፈጥሮ ሜተዱን መጥራት ገና ከጅምሩ የሚለመድ ነገር ነው። አክቲቪቲን፣ ማለትም የአፑን አንድ ስክሪን፣ እንዲህ ብትፈጥሩት ኮምፓይለሩ አይቃወምም፤ ሜተዱ ስክሪኑን ልንካ ሲል ግን አፑ ክራሽ ያደርጋል። ምክንያቱን ለማግኘት ከአንድሮይድ በፊት ወደነበረው ዘመን መመለስ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1990 ከአፕል የወጣው ዣን ሉዊ ጋሴ «ቢ» የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። የዚያ ኩባንያ መሐንዲሶች፣ በተለያየ ፕሮሰስ የሚሠሩ የሲስተም ክፍሎች በአንድ ቤት እንዳሉ ያህል የሚጠራሩበትን መንገድ መንደፍ ጀመሩ። ፓልም በ2001 የቢን ንብረት ሲገዛ ሥራው አብሮ ተሻገረ፤ ኋላም «ኦፕንባይንደር» ተብሎ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ከመሐንዲሶቹ አንዷ ዳያን ሃክቦርን ወደ ጉግል ገባች። ዛሬ በአንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጥ ያለው ባይንደር የዚያ ሐሳብ ውጤት ነው።

በ2008 የወጣው የመጀመሪያው አንድሮይድ ስልክ፣ የኤችቲሲው ጂ1፣ ራሙ 192 ሜጋባይት ብቻ ነበር። የአንድሮይድ ጠባይ በአብዛኛው ከዚህ ጥበት የተወለደ ነው ብዬ አምናለሁ። እያንዳንዱ አፕ በራሱ ፕሮሰስ ይሠራል፤ ሚሞሪ ሲጠብ ሲስተሙ ከጀርባ ያለውን ማንንም ሳያስፈቅድ ይገድላል። አክቲቪቲን የሚፈጥረውም የሚያጠፋውም ሲስተሙ እንጂ ፕሮግራመሩ አይደለም። ስልኩን ከቁመት ወደ አግድም ስታዞሩት እንኳ፣ ካልከለከላችሁት በቀር፣ አሮጌው አክቲቪቲ ፈርሶ አዲስ ይተካል። አሮጌውን ይዞ የቀረ ኦብጀክት ካለ የሚጠራው የሞተውን ነው፤ ሚሞሪውም አይለቀቅም። ኢንተንት የተበጀው ለዚህ ነው፦ የምትፈልጉትን ትናገራላችሁ፣ ሲስተሙ የሚመለከተውን ፈልጎ ያስነሳል። መልእክቱ በባይንደር በኩል ያልፋል፤ የባይንደር ቋት ደግሞ ለአንድ ፕሮሰስ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። ትልቅ ፎቶ በኢንተንት ለመላክ የሞከረ ሁሉ ይህን ገደብ ያውቀዋል።

በ2011 ታብሌትን ያሰበው አንድሮይድ 3.0 ሲወጣ የስክሪን ቁራጭ የሆነው ፍራግመንት መጣ፤ በአንድ ስክሪን ላይ ዝርዝሩ በግራ፣ ማብራሪያው በቀኝ። ሁለቱ እንዴት ይነጋገሩ? የታዘዘው መንገድ እንዲህ ነበር፦ ፍራግመንቱ ኢንተርፌስ ያውጃል፣ አክቲቪቲው ይፈጽመዋል፣ ፍራግመንቱ «ኦንአታች» ላይ አክቲቪቲውን ወደዚያ ኢንተርፌስ ይቀይረዋል። አክቲቪቲው ኢንተርፌሱን ካልፈጸመ አፑ እዚያው ይወድቃል። ብዙዎች አሰልቺ ነው ብለው ጠሉት። እኔ ግን አከብረዋለሁ፤ ማን ለማን ምን ግዴታ እንዳለበት ኮዱ ላይ ተጽፎ ይነበባል።

ከድካሙ ለማምለጥ በ2012 ግሪንሮቦት ኢቨንትባስን፣ ስኩዌር ደግሞ ኦቶን አወጡ። ሁለቱም ላይብረሪዎች አዋጅ እንደ ማስነገር ናቸው፤ የተመዘገበ ሁሉ ይሰማል። ኮዱ አጠረ፣ ዱካው ግን ጠፋ። አንድ ጊዜ የተረከብኩት አፕ «ሪፍሬሽ» የሚባል ኢቨንት ነበረው፤ ከየትም ይላካል፣ የትም ይሰማል። አንዱን ላኪ ስነካ ጨርሶ ያላሰብኩት ስክሪን ባዶ ይሆን ነበር። ኦቶንም ስኩዌር ራሱ ኋላ ትቶታል።

ትልቁ ለውጥ በ2017 መጣ። ጉግል የስክሪኑን ዳታ የሚይዘውን ቪውሞዴልንና የዳታውን ለውጥ የሚያስታውቀውን ላይቭዳታን ሲያስተዋውቅ «ተቀባዩ በሕይወት አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከፕሮግራመሩ ትከሻ ወረደ። ቪውሞዴል ስልኩ ሲዞር አይፈርስም፤ ላይቭዳታ የሚናገረው ስክሪኑ ንቁ ለሆነው ብቻ ነው። ሁለት ፍራግመንቶች አንዱን ቪውሞዴል ይጋራሉ፣ እርስ በርስም መተዋወቅ አያስፈልጋቸውም። የኮትሊን ፍሎውም ሆነ በ2021 የጸናው ስክሪን መሥሪያ ኮምፖዝ ይህንኑ መንገድ ያራዘሙ ናቸው።

ቪውሞዴል ሁሉን ፈታ የሚለውን አነጋገር ግን አልቀበለውም። ሲስተሙ ፕሮሰሱን ሲገድል ቪውሞዴልም አብሮ ይሞታል። ራሙ 2 ጊጋባይት የሆነ ስልክ በያዘ ሰው እጅ ይህ የዘወትር ነገር ነው፦ ፎርም እየሞላ ስልክ ተደውሎለት ሲመለስ የጻፈውን ጠፍቶ ያገኘዋል። ለዚህ መድኃኒቱ «ሴቭድስቴትሃንድል» ነው፤ እሱም ቢሆን ጥቂት ጽሑፍና ቁጥር እንጂ ፎቶ አይጫንበትም፣ የሚያስቀምጠው በዚያው በጠባቡ ባይንደር በኩል ያልፋልና።