የተከላካይ ሁለት ጎሎች

ተከላካይ የሚታወሰው ሲሳሳት ነው። የፈረንሳዩ ሊሊያን ቱራም ግን ስህተቱንም ካሳውንም ባንድ ደቂቃ ውስጥ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1998 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጓደኞቹ ወደፊት ሲወጡ እሱ ወደኋላ በመቅረቱ የክሮኤሽያው ሹከር ከጨዋታ ውጭ ሳይባል አገባ። ቱራም ወዲያው ከቦባን ኳስ ነጥቆ አቻ አደረገ። ቆየት ብሎ በግራ እግሩ ደገመና ጣቱን ከከንፈሩ አስጠግቶ ተንበረከከ፤ 2 ለ 1። ለብሔራዊ ቡድኑ በተሰለፈባቸው 142 ጨዋታዎች ሌላ ጎል የለውም!

አሰልጣኙ ኤሜ ዣኬ ከውድድሩ በፊት ጋዜጦች ክፉኛ ያብጠለጠሏቸው ሰው ነበሩ። መልስ የሰጠላቸው፣ በእኔ አስተያየት፣ የኋላው መስመር ነው፦ በ7 ጨዋታ የገባበት 2 ጎል፣ አንዱም ፍጹም ቅጣት ምት። የሚያሳዝነኝ ሎራን ብላን ነው። ፓራጓይን በጎሉ ያሰናበተው ይኸው ተከላካይ በክሮኤሽያው ጨዋታ በቀይ ካርድ ወጣና ፍጻሜውን ከዳር ሆኖ ተመለከተ።