ወሬ ያመጡት አርበኞች

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር የምናስበው ጎፈር የደፋና ጠመንጃ ያነገበ አርበኛ ነው። ይገባዋል። ግን ያ አርበኛ የት ማድፈጥ እንዳለበት ማን ነገረው? የምሽጉን ወታደር ማን ቆጠረለት? ይሄን ብዙም አንጠይቅም።

እስቲ ወደ ጎጃም እንሂድ። ግሽ ዓባይን የምታውቁ፣ ሰከላን የምታውቋት በዓባይ ምንጭና በጠበሉ ነው። በ1933 ዓ.ም. ግን ሰከላ የወሬ ማዕከልም ነበረች። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር የተሻገረ «ተልእኮ 101» የሚባል ትንሽ ቡድን ነበር። መሪው ዳንኤል ሳንፎርድ ነው፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማች፣ ከወረራው በፊት አገራችን የኖረ፣ ዕድሜው 58 የሆነ ሰው። የንጉሠ ነገሥቱ ተወካይ ደግሞ ኋላ ደጃዝማች የተባሉት አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ።

የእነዚህ ሰዎች ዋና ሥራ መተኮስ አልነበረም። ዳንግላ ስንት ጦር አለ? ቡሬስ? ከጣሊያን ጋር ካደሩት ሹማምንት ልቡ የሚያመነታው የትኛው ነው? እርስ በርስ የሚፎካከሩትን እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን እንዴት እናስማማ? ይሄ ነው ሥራው። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ዊንጌት በአውሮፕላን ሰከላ ድረስ መጥቶ ከሳንፎርድ ጋር የመከረው ሥራው ፍሬ ስለያዘ ነው።

ውጤቱ ቡሬ ላይ ታየ። የዊንጌት «ጌዴዎን ጦር» ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ወታደሮች የተውጣጣ፣ ወደ 2,000 ሰው ቢሆን ነው። ኮሎኔል ናታሌ ቡሬ ላይ የያዘው ጦር ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ አውሮፕላንም አለው። ሆኖም አርበኛው ዙሪያውን እየነካካ፣ በራሪ ወረቀቱና የድምፅ ማጉያው የጣሊያንን አገር በቀል ወታደር «ና ወደ ወገንህ» እያለ፣ ጠላት የመጣበትን ጦር መጠን መለየት አቃተው። የካቲት 25 ቀን ናታሌ ቡሬን ለቆ ወጣ።

ወሬ በዘገየበት ቀን ደግሞ ምን እንደሚሆን ጨረቃ ወንዝ፣ ደምበጫ አጠገብ ታየ። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ መንገዱ ላይ ሰፍሮ ነበር፤ የናታሌ ጦር በሙሉ ወደ እሱ እየመጣ መሆኑን በጊዜ አላወቀም። የካቲት 27 ድንገት ተጋጠሙ። ልጆቹ በጀግንነት ተዋጉ፤ ግን ብዙ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ። ያንድ ሰው ወሬ ያንድ ሻለቃ ደም ዋጋ አለው የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ያ ወሬ የሚያመጣው ማን ነበር? ገበያ የሚወርድ ገበሬ፣ ጠላ የምትሸጥ ሴት፣ ቄስ፣ አስተርጓሚ፣ ባንዳ ቤት የሚያድር አሽከር። ከተያዘ ስቅላት ነው። የአብዛኛው ስም የትም አልተጻፈም።

አንድ ጊዜ የቀድሞ ወታደሮች ስብሰባ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የመረጃ መኮንን ሲናገሩ ሰምቻለሁ። እሳቸው የኋለኛው ዘመን ዘማች ናቸው። «የጠላትን ቁጥር የምናውቀው በሚጋገረው ዳቦና በሚነደው ማገዶ ነበር፤ አንዲት እናት እየቆጠሩ ይነግሩን ነበር» አሉ። ከተሰብሳቢው አንዱ «እናትየዋ ማን ይባላሉ?» ሲላቸው ዝም አሉ። ቆይተው «ስም መጠየቅ ክልክል ነበር፤ ለሳቸው ደኅንነት» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

አማርኛችን ራሱ እዚህ ጋ ሁለት ልብ ነው። ለአገር ሲሆን «የውስጥ አርበኛ» ብለን እናከብራለን፤ ጎረቤት ላይ ሲሆን «ጆሮ ጠቢ» ብለን እንረግማለን። ሁለቱም እውነት ነው። ያው ችሎታ ወራሪን ለማባረርም፣ ወገንን ለማሳሰርም ውሏል። ብዙ የመረጃ ሰዎች ሳይናገሩ የሚሞቱት አንድም በመሐላቸው፣ አንድም በፍርሃት፣ አንድም በኀፍረት ይመስለኛል። ደጃዝማች ከበደ ግን በ1962 ዓ.ም. «የታሪክ ማስታወሻ»ን ጽፈው አለፉ። ያን መጽሐፍ ባይተዉልን ኖሮ የጎጃሙን ዘመቻ በአብዛኛው በእንግሊዞቹ ዓይን ብቻ ነበር የምናየው።

ስለዚህ አደራ ልበላችሁ። ቡሬም ሁኑ ፍኖተ ሰላም፣ አዲስ አበባም ሁኑ ውጭ አገር፣ ቤታችሁ ያለ የቀድሞ ወታደር ካለ «ስንት ጣሉ?» ብቻ አትበሉት። «ማን ነገራችሁ? በየት በኩል መጣ? ያ ሰው ኋላ ምን ሆነ? እርስዎስ ባቀበሉት ወሬ የተጎዳ ሰው አለ?» በሉት። ስልካችሁ ይቀዳል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ዕድሜ ጻፉበት። ምስጢር ያለውን እሱ እስኪፈቅድ አስቀምጡት፤ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉት።

የሰማችሁት ካለ ጻፉልኝ። ሰላሙን ያብዛልን።